ከደባርቅ ጎንደር፦ ለአንድ ማኪና ጭስ አምስት ቀን

ጎንደርን ለማየት የሚሄድ ሰው ግንቡን አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኔ አምስት ቀን ሰንብቼ ያየሁት የማኪናችንን ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫዋን፣ ነው። ደባርቅ ከተመለስኩ በኋላ ጎረቤቶቼ «ምን አየሽ?» ሲሉኝ «ጭስ» ብዬ አልፋቸዋለሁ። እንዲህ ብሎ መተው ግን ልክ ስላልመሰለኝ የሆነውን በየቀኑ አሰፍረዋለሁ። ማኪና የሌላችሁ፣ ጎንደርም ምንም ጉዳይ የሌላችሁ ታነቡት ይሆናል። እናንተም ብትሆኑ አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ መቆማችሁ አይቀርም።

ማኪናዋ አሮጌ የናፍጣ ጭነት ማኪና ናት። የሚነዳት ታናሽ ወንድሜ ዘውዱ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ናዝሬት ኖሮ፣ ሚስቱ ካረፈች በኋላ፣ ባለፈው ሰኔ ማኪናዋን እየነዳ እኔ ዘንድ መጣ። ሲገዛት የጎደለውን የሞላሁለት እኔ ስለነበርኩ ሊብሬው በእኔ ስም ነው። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ፊት ባለጉዳይዋ እኔ ነኝ። ታርጋዋ የኦሮሚያ ነው። በእኛ አገር ልትሠራ ከሆነ ወደ አማራ ታርጋ መዛወር አለባት። ለመዛወር ደግሞ በአዲሱ ደንብ መሠረት የጭስ ምርመራ ማለፍ ግድ ነው። ዓመታዊ ፈቃዷ፣ ሰው ቦሎ የሚለው፣ ሊያልፍበት የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ቦሎ ያለፈበት ማኪና ከግቢ መውጣት አይችልም።

ዘውዱ ነገሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦ «እታለም፣ በዚህ ሳምንት ካልሆነልን ቦሎው ሳያልፍ ቅዳሜ ይዣት ናዝሬት ልመለስ። እዚያ ሰው አውቃለሁ። ሥራም አላጣም። እዚህ ቆማ ከምትዝግ ይሻላል።»

«እሺ» አልኩት።

ከመጣ ጀምሮ ሻንጣው ከአልጋው ሥር ነው። ልብስ የሚያወጣው ከሻንጣው ነው። አጥቤ ስሰጠውም መልሶ እዚያው ይከተዋል። ቁም ሳጥኑን በሰኔ አጽድቼለት ነበር።

ሰኞ

የነቢያት ጾም በገባ ሳምንት ነው። መንገዱ ሰላም ነው መባሉን ከሚኒባስ ሹፌሮች ጠይቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ደባርቅ በኅዳር ጠዋት ውሃው በባልዲ ውስጥ ይረጋል። ማኪናዋ በአራተኛው ሙከራ ተነሳች። ስትነሳም የተፋችው ጥቁር ጭስ የጎረቤቴን የወይዘሮ ታንጉትን ደጅ ሸፈነው። ታንጉት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወጣች።

«ይኼንን ይዛችሁ ነው ለጭስ ምርመራ የምትሄዱት?»

«አዎ።»

«እግዜር ይከተላችሁ። እኔ መርማሪ ብሆን አስራችሁ ነበር።»

ዳባትን ስናልፍ በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ከማርሚታው የሚወጣ ነገር አልነበረም። አየሁት፣ ረሳሁት። ሐሙስ ዕለት ብቻ ነው ነገሩ የተመለሰልኝ።

ወገራ ላይ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ፣ የኋላ ጎማ ተነፈሰብን። ቦታው ዳገት ነው። ገብስ የሚወቃ አንድ ገበሬ በሬዎቹን ትቶ መጣ። ማኪናዋ እንዳትንሸራተት ከማሳው ዳር አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ተሸክሞ አምጥቶ ከጎማው ሥር ታኮ አደረገልን። ከዚያ ከዘውዱ ጋር ጎማውን ሲፈታ ቆየ። ሥራውን ፈትቶ፣ ገብሱን የሚያናፍስበት ነፋስ እያመለጠው።

«አያ፣ ወዴት ናችሁ?» አለው ዘውዱን።

«ጎንደር። ታርጋ ልናስለውጥ።»

«እንግዲያ ድንጋዩን ይዛችሁት ሂዱ። ሸጋ ድንጋይ ነው። ጎንደር ድንጋዩን ሁሉ ግንብ አድርገው ጨርሰውታል፣ ቢቸግራችሁ አይሰጧችሁም።»

ሳቅን። ዘውዱ ድንጋዩን ካቢናው ውስጥ ከእግሬ ሥር አደረገው። ለገበሬው ከያዝነው ዳቦ ግማሹን ሰጠነው። «የጾም ነው?» ብሎ ጠይቆ ተቀበለ። ስሙን አልጠየቅሁትም። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ከሰዓት በኋላ ጎንደር ገባን። ከደባርቅ ስትወርድ ጎንደር ይሞቃል። ካፖርቴን አወለቅሁ። ቀጥሎም ሹራቤን አወለቅሁ። ያረፍነው ማራኪ ሰፈር፣ ሰናይት ቤት ነው። ሰናይት የሟች ጓደኛዬ የእልፍነሽ ልጅ ናት፣ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ትሠራለች። ሁለት ክፍል ተከራይታለች። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣ አንደኛው ክፍል በጀሪካን የተሞላ ነው። አልጋዋን ለእኔ ለቃ ከጀሪካኖቹ መሐል ፍራሽ አነጠፈች። አይሆንም አልኩ። «እትዬ አስካለ፣ እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» አለችኝ። አልጋው ላይ ወጣሁ። ዘውዱ ማኪናዋን ትቶ አላድርም ብሎ ካቢናው ውስጥ አደረ።

ከደባርቅ ድንችና በሶ ይዤላት ነበር። ድንቹን በዚያው ቀቀለችው። የእኛ ድንች በጎንደር ውሃ ሲቀቀል ቶሎ ይፈርሳል።

ማክሰኞ

አራዳ ካለው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት መዝገብ ቤት ነው። ወረቀት አያስፈራኝም፣ የተሟላ ፋይል ምን እንደሚመስልም አውቃለሁ። የእኛ ፋይል የተሟላ ነበር። ሊብሬው፣ የኦሮሚያው መሸኛ፣ መታወቂያዬ፣ ፎቶዬ፣ ሁሉም በቅደም ተከተል ተሰፍቷል።

ጸሐፊው ወጣት ነው። ፋይሉን ገለጠ፣ ዘጋ።

«የጭስ ውጤት የለውም።»

«የት ነው የሚሠራው?»

«ምርመራ ጣቢያ።»

«ምርመራ ጣቢያው የት ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ማክሰኞ ያየኝ ያኔ ብቻ ነው። «አዘዞ መንገድ» አለና ሌላ ሰው ጠራ።

ይህን ለመስማት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ቆመናል። በሩ ላይ ሰባት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሥራ ፈት ስለነበርኩ ሁሉንም አነበብኩ። በስልክ ማነጋገር ክልክል ነው። ያለ ተራ መግባት ክልክል ነው። ግድግዳ መደገፍ ክልክል ነው። ምን ይዛችሁ ኑ የሚል ግን አንድም የለም። በእኔ ጊዜ ባለጉዳይ ሁለት ጊዜ እንዳይመላለስ መጀመሪያ የሚነገረው ምን እንደጎደለው ነበር። ይህን የምለው የድሮው ሁሉ ደግ ነበር ለማለት አይደለም። በድሮውም ክፉ አለቃ ነበር። መንገር ግን ሥራ ነበር።

ምሳ የበላነው አራዳ ነው፣ ምስር ወጥ። ዘውዱ ብዙ አልበላም። የናዝሬት ጓደኛው ደወለለት፣ ወጥቶ አናገረው። ሲመለስ ምን እንዳለው አልጠየቅሁትም።

ረቡዕ

ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጣቢያው ደጅ ስንደርስ ከፊታችን ዘጠኝ መኪና ተሰልፎ ነበር። ጣቢያው የግል ነው። ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን፣ መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ መርማሪ።

ከኋላችን የቆመው የአይከል ሹፌር ነው፤ አያ ካሴ ይባላል፣ ጥርሱን በአንድ ጎን ብቻ የሚያሳይ ሳቂታ ሰው። እኔ መሬት ላይ ልቀመጥ ስል ከመኪናው የመቀመጫ ትራስ አምጥቶ አነጠፈልኝ፣ የተቆላ ሽምብራም ሰጠኝ።

በዚያ ሰልፍ ሞተር አይበራም። ናፍጣ በጠፋበት አገር ቆሞ ሞተር ማስነሳት ነውር ነው። አንድ መኪና ሲገባ ሁሉም አስነስቶ አንድ ርምጃ ይጠጋና ያጠፋል። ዘውዱ ጠዋት ሞተሩን ትንሽ ቢያቆየው ከፊት ያሉት ጮኹበት።

«ናዝሬት! ናፍጣ ከእናትህ ቤት ነው የሚመጣው?»

«አፍንጫችን ሥር አታጭስ እንጂ!»

ታርጋውን አይተው ነው «ናዝሬት» ያሉት። ወንድሜ የተወለደው ደባርቅ ነው። ጥፋት እንዳጠፋ ሰው ቶሎ አጠፋው። ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንድ ጊዜም ከሚገባው በላይ አላስነሳም። ይሉኝታ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ተራችን ደረሰ። መርማሪው ዱላ የመሰለ ነገር ማርሚታው ውስጥ ከተተ፣ «ነዳጅ ስጥ» አለ፣ ዘውዱ ረገጠ። ጥቁር ጭስ መጋዘኑን ሞላው። ሦስት ጊዜ እንዲሁ። መርማሪው ወረቀቱን ቀዶ ሰጠኝ።

«ወድቃለች።»

«ምን እናድርግ?»

«አስጠግናችሁ ኑ።»

«ምኗን?»

«እሱን መካኒክ ይነግራችኋል። ቀጣይ!»

የተናደድኩት በመውደቋ አይደለም። ጭስ መቆጣጠር ደግ ነው። እኔም ደረቴን ያመኛል፤ የምትተፋውን ሳንባዬ ያውቀዋል። የተናደድኩት ከእኛ ቀጥሎ ያለ ተራ በገባው የአንድ መሥሪያ ቤት ፒክአፕ ነው። ሲገባ ጭሱ ከእኛ አያንስም ነበር። ስንት እንደለካ አላየሁም፣ በር ተዘጋ። ሲወጣ ግን የማለፊያ ወረቀት ይዞ ወጣ። አያ ካሴ አየና «እሱ የሚያጨሰው ለአገር ነው» አለ። የእሱም መኪና ወደቀች።

በሩ ላይ አንድ ጎልማሳ፣ ንጹሕ ጫማ ያደረገ፣ ተጠጋኝ።

«እማማ፣ ለምን ይደክማሉ? እርስዎ ቤትዎ ይቀመጡ፣ የማለፊያው ወረቀት እጅዎ ይገባል።»

«ማኪናዋስ?»

«ማኪናዋ ለምን ትመጣለች? ወረቀቱ እኮ ነው የሚፈለገው።»

«ማኪናዋ ካልመጣች የማን ጭስ ነው የሚለካው?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ትራሱን ለአያ ካሴ መልሼ ካቢናው ውስጥ ገባሁ። ዘውዱ ማስነሻውን ይዞ ወደ ሰውዬው ተመለከተ።

«እታለም፣ ለአንድ ጊዜ ብንሰጠውስ?»

«በእኔ ስም አይሆንም።»

«እንግዲያ ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አልኩት።

ሐሙስ

ሰናይት ጋራዥ ጠቁማን ሄድን። መካኒኩ አያ ደምሴ ይባላሉ። በዕድሜ ከእኔ ይበልጣሉ፣ እጃቸው ላይ ጥፍር የቀረው ሦስት ጣት ብቻ ነው። የምርመራውን ወረቀት አዩና ወዲያው መፍትሔ ሰጡን።

«ፖምፓውን እናስረዋለን።»

ፖምፓው ለሞተሩ ናፍጣ የሚሰጠው ነው። ሲታሰር ናፍጣ ያንሳል፣ ጭሱም ያንሳል። ምርመራ ይታለፋል። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው አሉ።

«ታስራ የወገራን ዳገት ጭነት ይዛ ትወጣለች?» አልኳቸው።

«አትወጣም። ስታልፍ ትመጣላችሁ፣ እንፈታዋለን።»

«ከተፈታ በኋላስ አታጨስም?»

«ታጨሳለች እንጂ።»

«አያ ደምሴ፣ ይኼ ለቄሱ ጾሞ ጓዳ መፈሰክ ነው። ምርመራው የተደረገው ማኪናዋ እንዳታጨስ ነው ወይስ በዚያች ደቂቃ እንዳታጨስ?»

ዘውዱ አፈረብኝ። መሬት መሬት አየ። አያ ደምሴ ግን እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ምነው እንዲህ አጥብቀው ያዙኝ? ደህና። ትክክለኛው መንገድ አለ። ግን ልፋት ነው፣ ሰው አይወደውም።»

የአየር ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ፈቱ። የናዝሬት መንገድ አቧራ ከነገለባው ተጋግሮበታል። እሱን ለወጡ። ፖምፓውን ትንሽ፣ ለደጋው አየር በሚስማማ ልክ፣ አስተካከሉት። ናዝሬት አየሩ ወፍራም ነው፣ እኛ ዘንድ ቀጭን ነው፣ ያው ናፍጣ እዚህ ሲነድ አየር ያንሰዋል አሉ። ይህን ማታ ለሰናይት ብነግራት ትክክል ነው ብላ በሰሌዳ እንደሚያስተምር ሰው አስረዳችኝ። ረዘመብኝ እንጂ ደስ ይል ነበር።

አያ ደምሴ ሲጨርሱ ዘውዱን ጠየቁት።

«ትናንት ሲለኩህ ሞተርህ ሞቆ ነበር?»

«ከማለዳ ጀምሮ አጥፍቼ ነበር የቆምኩት። ሰልፉ ነው።»

«አጥፍተህ?»

«ሰዉ ጮኸብኝ።»

«የቀዘቀዘ ናፍጣ ሞተር ያጨሳል፤ አዲስም ቢሆን! ዳገት ወጥታ፣ ግላ፣ ሳትጠፋ ነው መለካት ያለባት። መርማሪው አልነገረህም?»

ያኔ ነው የሰኞ ጠዋት የታንጉት ደጅና የዳባት መስታወት ትዝ ያሉኝ። ማኪናዋ ራሷ ነግራኛለች። መርማሪው ግን ደመወዝ የሚበላው ይህን ለማወቅ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ቆመን ሲያየን አፉን አልከፈተም። ሐሙስን ሙሉ ያንን ሳስብ ዋልኩ።

ችግሩ ሰልፉ ነበር። ሰልፍ ይዘህ ማሞቅ አይቻልም፣ እያሞቅህ ሰልፍ መያዝ አይቻልም። ማታ ሰናይት ቤት ጀሪካኖቹን እያየሁ መላው መጣልኝ። ቦኖ ውሃ ላይ ሴቶች ተራ የሚይዙት ራሳቸው ቆመው አይደለም። እንስራ፣ ጀሪካን፣ ያ ከሌለ ድንጋይ ያስቀምጣሉ። ድንጋይ ያስቀመጠች ሴት ተራዋ አይነካም። በእኛም ቀበሌ እንዲሁ ነው።

«ዘውዱ፣ ያ የወገራ ድንጋይ የት አለ?» አልኩት።

«ካቢናው ውስጥ። ምን ሊያደርግልሽ?»

ዓርብ

ማለዳ ጣቢያው ደጅ ስንደርስ አምስተኛ ነበርን። ድንጋዩን አወረድነው፣ ከአራተኛው መኪና ኋላ አስቀመጥነው፣ እኔ አጠገቡ ቆምኩ። ዘውዱ ማኪናዋን ይዞ ወደ አዘዞ ቁልቁል ወረደ። ሁለት መኪና ሲቀረኝ ልደውልለት፣ እሱም በከባድ ማርሽ ዳገቱን ሊወጣ ተስማማን። ናፍጣችን ከግማሽ በታች ነበር።

ከኋላዬ የቆመው እንደገና አያ ካሴ ሆነ። ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ።

«እትዬ፣ መኪናዎ ከስታለች።»

ነገሩን አስረዳሁት። ሳቁን አቆመ። ሞተሩን አስነስቶ ቁጭ አለ። ወዲያው ከኋላ ጩኸት ሆነ።

«አይከል! ናፍጣ ተርፎሃል?»

«ወድቄ ዳግም ስመጣ ከሚፈጀው ያንሳል!» ብሎ ጮኸላቸው።

የጣቢያው ጥበቃ በጩኸቱ መጣ።

«እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ተራዬ ነው።»

«ድንጋይ አይመረመርም እኮ።»

«አውቃለሁ። የሚመረመረው እየመጣ ነው።»

«መኪና የሌለው መሰለፍ አይችልም።»

«የት ተጽፏል? በሩ ላይ ያለውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ሲጋራ ክልክል ነው ይላል፣ ሽንት ክልክል ነው ይላል። ድንጋይ አይልም።»

አያ ካሴ በመስኮት ብቅ አለ። «ማደያ ላይ ጀሪካን ሲሰለፍ ዝም ያላችሁ፣ ድንጋይ ሲሰለፍ ምነው ተቆጣችሁ? ሴትዮዋ እስከ ነገ ብትቆም ተራዋን የሚነካ የለም!» ከኋላ ያሉትም፣ ቅድም የሰደቡት ሰዎች፣ «አትንካት!» አሉ። ጥበቃው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ድንጋዩን በእግሬ እየገፋሁ ተጠጋሁ። ሦስት ቀሩኝ። ሁለት ቀሩኝ።

ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። እንደገና ደወልኩ። የለም። የአያ ካሴም ስልክ እንዲሁ ሆነ። አንድ ባጃጅ አቁሜ «አዘዞ መታጠፊያው ላይ ነጭ ጭነት ማኪና፣ የኦሮሚያ ታርጋ፣ ዘውዱ በለው፣ እታለም ጠርታሃለች በለው» አልኩት። ባጃጁ ወረደ። አንድ ቀረኝ። ከዚያ እሱም ወጣ።

መርማሪው ከውስጥ «ቀጣይ!» አለ።

መንገዱ ላይ ምንም አይታይም። አያ ካሴ «እኔ ልግባና ተራ እንቀያየር» አለኝ። ደግ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ጥበቃው ቀድሞ «መኪና ከሌለ ድንጋዩ ይነሳና እማማ ከመጨረሻ ይሰለፋሉ» አለ። የመጨረሻው መኪና ዓርብ አይደርሰውም። ቅዳሜ ጣቢያው ዝግ ነው። ፋይሌን በብብቴ ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ፣ መኪና የሚቆምበት ቢጫ መስመር ላይ ሄጄ ቆምኩ።

መርማሪው ዱላውን እንደያዘ አየኝ።

«እማማ፣ ምን ፈለጉ?»

«ቀጣይ አልክ። እኔ ነኝ።»

«መኪናውስ?»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ፣ ሊብሬው ይኸው። ገብቻለሁ። ማኪናዋ ዳገት ላይ ናት፣ አንተ ረቡዕ ሙቃ ትምጣ ስላላልከን ዛሬ እየሞቀች ነው።»

«ማን ሙቃ አትምጣ አላችሁ?»

«ማንም ምንም አላለንም። ረቡዕ ቀዝቅዛ እንደገባች አውቀህ ነበር?»

ዝቅ ባለ ድምፅ «አልጠየቃችሁኝም» አለ።

በሕይወቴ ብዙ የመሥሪያ ቤት መልስ ሰምቻለሁ። ይህን የመሰለ አልሰማሁም። መስመሩን አልለቀቅሁም። «አሁን እየጠየቅሁህ ነው» አልኩት። «ትጠብቀኛለህ?»

አፉን ሲከፍት ከዳገቱ በኩል ጡሩንባ ተሰማ፣ ረጅም። አያ ካሴ ከውጭ «መጣ! መጣ! ልቀቁለት!» እያለ ይጮኻል። ማኪናዋ ስትገባ ሙቀቷ ፊቴን መታኝ። ዘውዱ ሞተሩን አላጠፋም። ከመስመሩ ላይ ወርጄ ግድግዳ ተደገፍኩ፣ አራዳ ክልክል ቢሆንም።

ዱላው ገባ። «ስጥ።» ዘውዱ ረገጠ። ማርሚታው ላይ የሚታየው እንደ ትንፋሽ ያለ ስስ ነገር ነው። ሁለተኛ። ሦስተኛ። መሣሪያው ወረቀቱን ተፋው።

«አልፋለች» አለ መርማሪው። እየፈረመ ሳለ ቀና ሳይል «ለሚቀጥለው ዓመትም እንዲህ ሙቃ ትምጣ» አለኝ። እንግዲህ መናገር ይችላል።

ከመውጣቴ በፊት ከፋይሌ ነጭ ወረቀት አወጣሁና በመዝገብ ቤት ጽሕፈቴ፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርጌ፣ «ሞተራችሁን ዳገት አውጥታችሁ፣ አሙቃችሁ፣ ሳታጠፉ ግቡ» ብዬ ጻፍኩ። ጥበቃው እንዳይለጠፍ ከለከለ። ለአያ ካሴ ሰጠሁት። እሱም በመኪናው የፊት መስታወት ላይ በውስጥ በኩል አቆመው፣ የሰልፉ ሰው አንድ በአንድ እየመጣ አነበበው። እኛ ስንወጣ ሦስት ሹፌሮች በየቦታቸው ድንጋይ እያስቀመጡ ወደ አዘዞ ይወርዱ ነበር። አያ ካሴ ሲያልፍ አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ለዘውዱ ደውሎ «አንተ፣ እህትህን ለአይከል አከራያት» አለው።

ድንጋዩን አልረሳሁም። ዘውዱ «ተይው እንጂ» አለ። እኔ ተሸክሜ ወደ ካቢናው ሳነሳው ተቀበለኝ።

አራዳ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ያው ወጣት ጸሐፊ ፋይሉን ገለጠ። የሚጎድል አጣ። ፈልጎ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ቦሎዋም ታደሰ። የኦሮሚያውን ታርጋ ዘውዱ በራሱ እጅ ፈታው። ሃያ ደቂቃ ፈጀበት፣ ብሎኖቹ ዝገዋል። ከማስረከቡ በፊት በእጅጌው አቧራውን ጠረገው። አዲሱን ግን በፍጥነት አሰረው።

ቅዳሜ

ሰናይት ለመንገድ የጾም ዳቦ ጋግራ ሰጠችን። ጀሪካን አንድ ሞልቼላት ወጣሁ፣ ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም። ወገራ ላይ ያንን ገበሬ ፈለግነው፣ አውድማው ተጠርጓል፣ ሰው የለም። ዳቦውን ይዘንለት ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ሽሮ በላን። ዘውዱ እንጀራ አስጨመረ።

ናዝሬት የሚኬድበት ቀን ይህ ነበር።

አሁን ሁለት ሳምንት አልፏል። በአራዳና በአዘዞ የሆነው አሁንም ያናድደኛል፣ ለማን አቤት እንደሚባል እያጠያየቅሁ ነው። ደንቡን የሚያወጣ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር በሩ ላይ ቢጽፍ ስንት ሰው ናፍጣውንና ቀኑን ያተርፍ ነበር።

በደረስን ማግስት፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሻንጣው በረንዳው ላይ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ባዶውን።

«ዘውዱ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሸቷል፣ ይናፈስ ብዬ ነው። ከፈለግሽ ሽንኩርት አድርጊበት።»

ግቢያችን ተዳፋት ነው። ማኪናዋ አጥሩ ሥር ቆማለች። የወገራው ድንጋይ ከኋላ ጎማዋ ሥር ነው።